የመጀመሪያው ማሰሮ

ያስና ሳልጋዶ እግሮቿን ረግማ አታውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን ሦስተኛውን የጎብኚ ቡድን ልትቀበል የሳንታ ኡርሱላ ርስት በር ላይ ስትቆም፣ «ምናለ አሁን ብትሰበሩና ብገላገል!» አለቻቸው። መጋቢት ነው፤ ወይን እየተለቀመ ነው። ትራክተሩ አቧራ እያስነሳ ይመላለሳል፤ ተርቡ የበሰለ ፍሬ ሸቶት አብዷል፤ ጎብኚው ደግሞ ይህንኑ ለማየት ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ያስና ግን ሰልችቷታል። ስለ ጥንታዊው የአትክልት ስፍራ የምትናገረውን ሁሉ በቃሏ ይዛዋለች፤ የቱ ጋ ሰው እንደሚስቅ፣ የቱ ጋ ሴቶቹ «ውይ!» እንደሚሉ ሳይቀር ታውቃለች። አፏ ይናገራል፤ ልቧ የለም።

ደግነቱ የመጨረሻ ቀኗ ነው። በማግስቱ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኤልኪ ሸለቆ ትሄዳለች። እዚያ አንድ አነስተኛ የወይን እርሻ በአስጎብኚነት ቀጥሯታል። ሻንጣዋ ታስሯል። አክስቷ ኤልባ ትናንት ስታለቅስባት አምሽታ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ «የኤልኪ ሌሊት ብርድ ነው» እያለች ሹራብ ስትጨምርባት ነበር። ለምን እንደምትሄድ በርስቱ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ነው የጠፋው። በሰው ፊት በተዋረደችበት ግቢ ሦስት መከር ሙሉ ተመላልሳለች፤ የታመመች እናቷን ጥላ የት ትሂድ? እናቷ ባለፈው ክረምት አረፈች። አሁን የሚይዛት ምንም ነገር የለም።

ጎብኚዎቹ ተሰበሰቡ። ከብራዚል የመጡ አዲስ ተጋቢዎች አሉ፤ ከፎቶ በቀር ምንም የማይታያቸው ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ ከራንካግዋ የመጡ ጡረተኛ መምህር ሴኞራ ኖርማና ዝምተኛ ባለቤታቸው አሉ። ሴኞራ ኖርማ በር ላይ የሚሸጠውን ቀዝቃዛ የኮክና የስንዴ መጠጥ በማንኪያ እየጠጡ፣ «ጉልበቴ ታማሚ ነው ልጄ፤ ቀስ እያልሽ ምሪን» አሏት። ምላሳቸው ግን ፍጹም ጤነኛ ነበር።

ያስና ቲኬት እየቀደደች መጣችና የመጨረሻው እጅ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። እጁን ታውቀዋለች። አውራ ጣቱ ላይ መግረዣ መቀስ የተወው ጠባሳ አለ፤ ያን ጠባሳ ስንት ጊዜ ስማዋለች። ቀና ስትል ከገለባ ባርኔጣው ሥር ጋስፓር ላራጊቤል፣ የርስቱ እመቤት የዶኛ ሌዎኖር ልጅ፣ ዓይን ዓይኗን ያያታል። ከስቷል። ጺሙ ውስጥ ሽበት ገብቷል። ወደ ደቡብ፣ ወደ ኢታታ ኮረብቶች ከሄደ ወዲህ አላየችውም።

«ቲኬት ምን ያደርግልዎታል? ቤቱ የራስዎ ነው» አለችው።

ብቻቸውን ሲሆኑ አንተ ስትለው የኖረች ናትና አንቱታው የት ቦታ እንደሚወጋው አሳምራ ታውቃለች።

«ቲኬት ባልቆርጥ ጥለሽኝ ትሄጃለሽ» አለ በዝግታ። «ጎብኚ ጥሎ መሄድ ግን ክልክል ነው።»

«ጥያቄ ካለዎት በመጨረሻ ላይ ይጠይቃሉ።»

«ከኢታታ ድረስ የመጣሁት ለአንድ ጥያቄ ነው።»

ዞር አለችና «በዚህ በኩል!» ብላ ጮኸች። ከሚገባው በላይ ነበር የጮኸችው። ልቧ እንዲህ የሚደልቀው ለሞተ ነገር ነው እንዴ? በራሷ ተናደደች።

በተከረከሙት አጥሮች መካከል ወርደው፣ ውሃ የሚተፋውን የድንጋይ ገንዳ አልፈው ትልቁ ማግኖሊያ ሥር ቆሙ። ያስና የለመደችውን ጀመረች።

«ይህን ዛፍ የተከሉት ዶን ኤቫሪስቶ ላራጊቤል ናቸው። ሙሽራቸው የባሕር ዳር ልጅ ነበረች። ባሕሩ ናፍቋት ስታለቅስ፣ ‹ባሕሩን ላመጣልሽ አልችልም፤ ጥላ ግን እተክልልሻለሁ› አሏት።»

«ውይ!» አለች ብራዚላዊቷ ሙሽራ።

«እና ማልቀሷን ተወች?» አሉ ሴኞራ ኖርማ።

እዚህ ላይ ያስና «አዎ፣ በደስታ ኖሩ» ማለት ነበረባት። ድካሙ አፏን ቀደማት።

«የት ትተዋለች? ማግኖሊያ እንዲህ ጥላ እስኪሰጥ ሰው ያረጃል።»

ሁሉም ሳቁ። ጋስፓር አልሳቀም። እጁን እንደ ተማሪ አወጣ።

«አስጎብኚዋ፣ ያቺ ሙሽራ አንድ ቀን አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ጥላቸው ብትሄድስ? ዶን ኤቫሪስቶ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ሌላ ዛፍ ይተክሉ ነበር። ላራጊቤሎች መሬት ሞልቷቸዋል።»

ሴኞራ ኖርማ ባላቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጉ። «ሰማህ? ይህ ሰው ቲኬት የቆረጠው ለዛፍ አይደለም።»

ወደ ወይኑ ሲወርዱ ያስና ከፊት ቀደመች፤ ፊቷን ማንም እንዲያይባት አልፈለገችም። በየረድፉ ጫፍ የተተከሉትን ጽጌረዳዎች እያሳየች፣ በሽታ ሲመጣ ወይኑን ሳይነካ አስቀድሞ እነሱ ላይ እንደሚታይ ተናገረች። «አስቀድማ የምትታመመው እሷ ናት፤ ገበሬው እሷን አይቶ ወይኑን ያድናል።»

«እንደኛ እንደ ሚስቶች በይኛ!» አሉ ሴኞራ ኖርማ። ባላቸው ወደ ሰማይ ተመለከቱ።

ያስና ለጨዋታው ፈገግ አለች፤ ሐሳቧ ግን ኋላ ኋላ እየጎተታት ነበር። እዚሁ ረድፍ ውስጥ ነው ነገሩ የተጀመረው። እሷ የወይን ጓዳው ሠራተኛ ልጅ ናት። እሱ የባለርስት ልጅ ሆኖ ሳለ ክረምት ክረምት ከሠራተኛው እኩል ጭቃ ውስጥ ቆሞ ወይን ይገርዝ ነበር። በመጀመሪያ መተያየት ብቻ ነበር፤ እሱ መቀሱን ሲስል እሷ የምሳ ሳህን ስታመጣ። ቀጥሎ የካሜሊያ አበቦቹ መካከል ቆመው ማውራት መጣ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማውራት ለማን ይጠቅማል? «በመከሩ በዓል የመጀመሪያው ጭማቂ የሚባረክበትን ማሰሮ እይ፤ ከዚያ በኋላ መደበቅ የለም» ብሏት ነበር። እናቷ ነጭ ቀሚስ ሰፋችላት። ያስናም የበዓሉ ዳስ ጫፍ ላይ ቆማ ጠበቀች። ጋስፓር ማሰሮውን ከቄሱ ተቀበለ፤ አያት፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት ለእናቱ ለዶኛ ሌዎኖር አቀበለ። ያስና ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየችም። ቀሚሷን ሰብስባ በጥዶቹ መንገድ እየሮጠች ወጣች። እሱም በዚያው ሰሞን ወደ ኢታታ ሄደ። ደብዳቤ ሲልክላት አንዱንም ሳትከፍት መለሰችለት፤ ፖስተኛው እንኳ «ኧረ ቢያንስ ቴምብሩን ልጠሽ አስቀሪ» ብሎ ቀልዶባት ነበር። ስትመልሳቸው በድል አድራጊነት ነበር። ሌሊት ግን ፖስታው ላይ የነበረውን የእጅ ጽሑፉን እያስታወሰች ታለቅስ ነበር።

ከወይኑ ተመልሰው በረንዳው ጎን ወዳለው ትልቁ የወይን ዳስ ደረሱ። በዓሉ በመጪው እሑድ ነውና ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ወጥተዋል፤ የሸክላ ማሰሮው ታጥቦ ለፀሐይ ተደፍቷል። በረንዳው ላይ ዶኛ ሌዎኖር እንደ ልማዳቸው አግዳሚ ወንበራቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። እሳቸውና ያስና ሦስት ዓመት ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም። እሷ ስታልፍ አንገቷን ሰበር ታደርጋለች፤ እሳቸው ዓይናቸውን ያዞራሉ። በቃ፤ ይኸው ነው።

«ይህ ማሰሮ ምንድነው?» አለች ብራዚላዊቷ።

ያስና ሌላ ጊዜ ይህችን ቦታ በሁለት ቃል ነበር የምታልፋት። ዛሬ እሱ ከፊቷ ቆሟል፤ ይስማት እስቲ!

«መከር ሲከፈት የመጀመሪያው ጭማቂ በዚህ ተቀድቶ ይባረካል» አለች። «ከቤቱ ልጆች ያላገባ ካለ ማሰሮውን ተቀብሎ፣ በሰው ሁሉ ፊት ለመረጣት ሴት ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አያስፈልግም። ወንድ ከሆነ፣ ድፍረት ካለው ማለት ነው።»

«እንደሱ አይደለም» አለ ጋስፓር።

«ይቅርታ፤ ጎብኚው ተሳስተዋል።»

«ያደግሁበት ቤት ነው ያስና!»

«እኔስ የት ነው ያደግሁት? ጨረቃ ላይ?»

ወንድማማቾቹ ካሜራቸውን አወረዱ። ጋስፓር ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያሽከረክር ጀመር።

«ማሰሮውን ለእናቱ ነው የሚሰጠው» አለ። «እናትየዋ ተቀብላ፣ በገዛ እጇ ወስዳ ለልጅቷ ታቀብላለች። ከእናት እጅ ካልተቀበለች ወደዚህ ቤት በጓሮ በር እንደገባች ነው የሚቆጠረው። አያቴም እንደዚህ ነው የገቡት፤ እናቴም እንደዚህ ነው የገባችው።»

ያስና ይህን ሰምታ አታውቅም። በዚህ ግቢ እንዲህ ያለ ማሰሮ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው እሷ ሳትወለድ ነበር። እሷ የምታውቀው በሠራተኞቹ መንደር ሲደረግ ያየችውን ነው፤ እዚያ ጎረምሳው ኩባያውን ይዞ፣ ሰው እየሳቀበት፣ በቀጥታ ወደ ልጅቷ ይሄዳል። እናቱ አጠገቡ ቆማ ታጨበጭባለች እንጂ ማንም ምንም አያቀብላትም።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ሴኞራ ኖርማ፤ ጉልበታቸውን ረስተው ወደ መሐል ገቡ። «አንቺ ልጅ፣ በእናንተ ዘንድ ልጁ ማሰሮውን ለእናቱ ቢሰጥ ምን ማለት ነው?»

«‹እናቴን መርጫለሁ፤ አንቺ ቅሪ› ማለት ነው» አለች ያስና። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

ጋስፓር ደሙ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ለዚህ ነው የሄድሽው?»

«አንተስ ለምን የሄድኩ መስሎህ ነው?»

«እምቢ ያልሽኝ ነው የመሰለኝ! ዞር ስል የለሽም። እናቴ ማሰሮውን ይዛ፣ ያን ሁሉ ሰው አቋርጣ ስትመጣ የለሽም። በደብዳቤ ሁሉ የጠየቅሁሽ አንድ ነገር ነው፦ ‹ለምን?› ብዬ ነው። አንዱን እንኳ ብትከፍቺው…»

«እናትህ ይዘው መምጣታቸውን ሰምቻለሁ» አለች ያስና። «ማሰሮውን ይዘው ፊታቸው ጠቁሮ መጡ፤ እንኳን ሄድሽ፤ ብትቆዪ ኖሮ ራስሽ ላይ ይደፉብሽ ነበር አለችኝ አክስቴ። አገሩ ሁሉ እንደሱ ነው ያለኝ።»

«ሊደፉብሽ?» አለ ጋስፓር። ሊስቅ ሞከረ፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞላ። «እናቴ በሰው ፊት ስትሆን ፊቷ እንደዚያ ነው። ስትፈራ ነው የምትጠቁረው ያስና።»

ያስና ጎብኚዎቿን ጥላ ሄደች። ክልክል መሆኑ ትዝም አላላትም። የበረንዳውን ደረጃ ወጥታ ዶኛ ሌዎኖር ፊት ቆመች።

«እሜቴ፣ ያን ቀን ማሰሮውን ይዘው ወዴት ነበር የሚሄዱት?»

አሮጊቷ የዚያ ቀን ስም ሳይጠራ የትኛው ቀን እንደሆነ ገብቷቸዋል።

«ወዳንቺ ነዋ» አሉ። «ወዴት እሄዳለሁ ሌላ?»

ያስና የበረንዳውን ምሰሶ ያዘች።

«እኔ በሠራተኛ ፊት ሸክላ ተሸክሜ ሄጄ አላውቅም» አሉ ዶኛ ሌዎኖር። «ልጄ ግን ‹እሷን ነው› አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ከራሴ ጋር ተጣልቼ አደርኩ፤ አልዋሽሽም፤ አልወደድኩትም። በነጋታው ግን ተነስቼ ሄድኩ። ከፍርሃቴ ግማሹን ቀሚሴ ላይ አፈሰስኩት። ደርሼ ባይ ቦታሽ ባዶ ነው። ያ ሁሉ ሰው እኔን ያያል። ‹የሳልጋዶ ልጅ እጄን ናቀችው› አልኩ። እና ተቀየምኩሽ። ልጄም ከዚህ ቤት የሸሸው ባንቺ የተነሳ ነው ብዬ ቂም ያዝኩብሽ።»

«እኔ ደግሞ እርስዎና እሱ መክራችሁ ያዋረዳችሁኝ ነው የመሰለኝ።»

«ሦስት ዓመት እንግዳ እየነዳሽ በአፍንጫዬ ሥር ስታልፊ፣ አንድ ቀን ምናለ ብትጠይቂኝ?»

«እርስዎስ አንድ ቀን ምናለ ቢጠሩኝ?»



ያስና እንዲህ ያለ ወሬ አንድ ቀን ብትሰማ በደስታ የምታብድ ይመስላት ነበር። በየሌሊቱ ያለመችው ይህንኑ ነበር፤ እሱ አልከዳትም፣ ማንም አልናቃትም። ሲመጣ ግን ደስታው የለም፤ የመጣባት ድካም ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቁጣዋን ተሸክማው ኖራ አሁን ስታወርደው፣ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ያወቀችው ገና አሁን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ የማይመለስ።

«እናቴ ግን ሳታውቅ ሞተች» አለች። «ልጄ በገዛ እጄ ሰፍቼ ባለበስኳት ቀሚስ ተዋረደች እያለች ነው የሞተችው።»

ዶኛ ሌዎኖር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ከአግዳሚው መሐል ተነስተው ወደ ጫፉ ጠጋ አሉ። «ተቀመጪ» አሏት። በዚያ ወንበር ላይ ከሠራተኛ ወገን ማንም ተቀምጦ አያውቅም። ያስና ግን ስለ ክብር አላሰበችም፤ እግሮቿ እምቢ ስላሏት ተቀመጠች።

ጋስፓር ደረጃው ሥር ቆሞ ኖሯል። ወጥቶ እግሯ ሥር ቁጢጥ አለ።

«አትሂጂ» አላት።

«እሄዳለሁ።»

«ያስና…»

«ስማኝ። እወድሃለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልተውኩህም፤ ልተውህ ስንት ለፍቻለሁ መሰለህ! ግን እዚህ ግቢ ውስጥ ደስ የሚለኝ አይመስለኝም። በዚህ ዳስ ሥር ባለፍኩ ቁጥር የማየው እናቴን ነው። ደክሞኛል ጋስፓር። እዚህ ሆኜ ሌላ አንድ ቀን መጠበቅ አልችልም።»

ጋስፓር እናቱን አላየም፤ ቤቱንም፣ ወይኑንም አላየም። እሷን ብቻ ነበር የሚያያት፤ ያስናም ይህን አስተዋለች።

«እንግዲያው ነገ አብረን እንሄዳለን» አለ። «አውቶቡሱ ሞልቶ ከሆነ ቆሜም ቢሆን።»

ያስና ቀስ ብላ ወደ ዶኛ ሌዎኖር ዞረች። አሮጊቷ ከንፈራቸውን ገጥመው የወይኑን ረድፎች ያያሉ። አንድ ልጅ ነው ያላቸው።

«እስከ ዛሬ ቅያሜ ነበር የወሰደብኝ» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ፍቅር ይውሰድብኝ። እሱ ይሻላል።»

ይህን ያሉበት ድምፅ ያስናን አስለቀሳት። በሦስት ዓመት ውስጥ በሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን ልያዘው ብትል እንኳ መያዣ አቅም አልነበራትም።

«እኛስ?» የሚል ድምፅ ከዳሱ ሥር መጣ። ሴኞራ ኖርማ በመሐረባቸው አፍንጫቸውን እየጠረጉ ነው። «ላለቀስነው እንባ እንኳ ጉሮሮ ማራሻ የለም? የወይን ቅምሻው ቲኬቱ ውስጥ አለ!»

ያስና በልማድ ልትነሳ ስትል ዶኛ ሌዎኖር ጉልበቷን ያዙ።

«ተቀመጪ አልኩሽ። እሱ ያስጎብኛቸው።»

«ታሪኩን አያውቀውም እሜቴ። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ ያደበላልቀዋል።»

«ያደበላልቀው።»

ጋስፓር ባርኔጣውን ደፍቶ ወረደ። ጎብኚዎቹን ሰብስቦ ወደ ጓዳው ሲወስዳቸው ገና ከበሩ ሲሳሳት ይሰማት ነበር፤ በርሜሎቹን ከአንድ አገር አምጥቶ በሌላ አገር ስም ጠራቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታርመው ነበር።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ከወይኑ መሐል የለቃሚዎች ሳቅ ይመጣል፤ ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው እያዘነበለች ነው።

«እናትሽ ስለኔ ምን ትል ነበር?» አሉ ዶኛ ሌዎኖር።

«‹ኩሩ ናት› ትል ነበር።»

«እውነቷን ነው» አሉ አሮጊቷ። «የሰፋችልሽን ቀሚስ አይቼው ነበር፤ ከሩቅ። ያምር ነበር።»

ያስና መልስ ልትሰጥ ፈለገች። ቃላቱ ሩቅ ሆኑባት። ከጠዋት ጀምሮ የቆመችበት፣ ከዚያም በፊት የቆመችባቸው ቀናት ሁሉ ባንድ ጊዜ ዓይኗ ላይ ወረዱ። ራሷ ቀስ እያለ አዘነበለና የዶኛ ሌዎኖር ትከሻ ላይ አረፈ።

አሮጊቷ ደንገጥ ብለው ቀጥ አሉ። ግቢው ውስጥ ሠራተኞች ያልፋሉ፤ ያያሉ፤ አንዷ ለቃሚ ቅርጫቷን እንደያዘች አፏን ከፍታ ቀርታለች። ዶኛ ሌዎኖር አልተንቀሳቀሱም። ትከሻቸው ደነዘዘ። ፀሐይ ፊታቸው ላይ በራች፤ እጃቸውን እንኳ አላነሱም።

ጋስፓር ጎብኚዎቹን እያሳሳቀ ከጓዳው ሲመለስ፣ ዶኛ ሌዎኖር ገና ከሩቅ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ዝም በሉ» አሉ በሹክሹክታ። «ልጄ ተኝታለች።»